የላቀው ጣዕሚያና የሚካኤል ጽዋ

ላቀው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ጣዕሚያ የሚጠብስ ጎረቤቴ ነበር። ከእኛ ሰው መሐል የሽምብራ ሊጥ ጠብሶ፣ ዳቦ ውስጥ ከትቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሸጥ የጀመረው እሱ ነው። የሰሊጥ ጫኞች ተሰልፈው ይቀበላሉ፤ ቆመው ጎርሰው ይሄዳሉ። «ያዝ፤ የኋላው ይምጣ» ሲል ነው የሚውለው። ንስሐ አባቱንም እንዲህ ብሎ እንዳያሰናብታቸው እፈራለሁ እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ቀን ሰው እንዲህ ይከበዋል፤ ከመሸ ደጁን የሚረግጥ የለም። ሚስቱ መተማን ሳትሻገር ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። አንድ ጊዜ እኔ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው ከሱ ቤት ቁጭ ብሎ የበላበትን ቀን ላስታውስ ቢል አጣው። በሳምንቱ የሚካኤል ማኅበራችን ገባ።

ማኅበርተኛ በየወሩ አንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ከጸሎቱ በኋላ ጽዋውን የተረከበ በሚቀጥለው ወር ይደግሳል። ያኔ በአገሩ ሕግ ጠላ መጥመቅ ያስገርፍ ስለነበር ጽዋችንን በከርከዴ፣ በቀዩ የአበባ ሻይ ነበር የምንሞላው። ሚካኤል ቅር ያለው አይመስለኝም።

የላቀው ተራ በሰባ ሰባት መጋቢት ደረሰ። ጾም ነው፤ ረሀቡም የጠናበት ዓመት ነው። በየቤታችን ከበለሳ በእግሩ የገባ ዘመድ ተኝቷል። ላቀው ግን ሙሽራ የሚቀበል መሰለ። ከየጎረቤቱ የገመድ አልጋ፣ አንገረብ የምንለውን፣ ሲዋስ የኔንም ወሰደ። ግቢው አቧራ እንዳይነሳ ውሃ ረጨ። ምን ልደግስ ቢለኝ የምታውቀውን ጥበስ አልኩት።

ከርከዴውን ማፍላት የኔ ድርሻ ነበርና ዘገየሁ። ስደርስ ማኅበርተኛው ወደየቤቱ እየሄደ ነው፤ ሁሉም በጋዜጣ የተጠቀለለ ይዟል። የማኅበሩን አለቃ አያ አንዳርጋቸውን ጸሎቱ ባንዴ አለቀ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ገና አልተጀመረም አሉኝ። ላቀው ምጣዱን በር ላይ ጥዶ፣ እንደ ገበያው እየጠቀለለ ሰጥቶ አሳለፋቸው። እነሱም ለተራቡት እንግዶቻችሁ ውሰዱላቸው ማለቱ ነው ብለው መርቀውት ወጡ። ተመለሱ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ጋዜጣውን እንዴት እንዳቀፉት ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ላቀው በላብ ተነክሮ ምጣዱ ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ቀና ሳይል አንድ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ።

«ያዝ፤ የኋላው ይምጣ።»

ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ያኔ ነው እሱም ቀና ያለው፤ በተርታ የተደረደሩትን አንገረቦች አየ።

«ለካ እኔው ነኝ ያሳለፍኳቸው፣ እት ሸጊቱ» አለ።

ወሬ አላበዛሁበትም። ጽዋው ጥግ ላይ ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ ነው፤ ሌላ እስኪረከበው ተራው ካለበት ቤት አይነሳም፣ ደንባችን ነው።

«በሚቀጥለውም ወር ያንተ ተራ ነው» አልኩት። «በሩ ላይ ግን የምቆመው እኔ ነኝ፤ አንተን ከምሰሶው አስሬ።»

ሊስቅ ሞከረ። ከርከዴ ቀዳሁለትና የራሴው አንገረብ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዳቦዬን ለሁለት ቆርሼ አካፈልኩት። እኔ አንዴ ሳልጎርስ የሱ አለቀ።

«ቀስ በል» አልኩት፤ «ከኋላህ የቆመ ሰው የለም።»