የስልኳ መነኩሲት

ስህተቱ የተጀመረው በሰላምታ ነው። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ወደ አንዲት ተማሪዋ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውል ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ "እንደምን አደሩ ሲስተር" አላት። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ነው፤ የሚያስተዳድሩት መነኮሳይያት ናቸው፤ የሰፈሩም ሰው ከድሮ ጀምሮ "የሲስተሮች ትምህርት ቤት" ነው የሚለው። ሰውየው ደግሞ ግቢውን ረግጦ አያውቅም። ልጁን ያስመዘገበችው ሚስቱ ነበረች፤ እሷም ትምህርቱ ሳይጀመር ሞተች። እንግዲህ ከሲስተሮች ትምህርት ቤት የሚደውል ሁሉ ሲስተር ቢመስለው አይፈረድበትም።

የሚፈረደው በመምህርቷ ላይ ነው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ያላገባች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት፤ መቁጠሪያ ከመያዝና እሁድ ቅዳሴ ከመሄድ በቀር ምንኩስና በደጇ አልፎ አያውቅም። "ኧረ እኔ ሲስተር አይደለሁም" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አፏን ስትከፍት ሰውየው "ልጅቷን ላቅርብልዎት" ብሎ ስልኩን አቀበለ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። በማግስቱ ልታርመው አሰበችና ተወችው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ።

ጊዜው በሽታው ትምህርት ቤቶችን ሁሉ የዘጋበት ነው። ኢንተርኔት የሌለው ቤተሰብ ስለሚበዛ፣ ሁሉም "ትልቋ ሲስተር" የሚሏቸው ርዕሰ መምህርት አስተማሪው ለእያንዳንዱ ልጅ በስልክ እየደወለ እንዲያስተምር ወሰኑ። መምህርቷም አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ ያላየቻቸውን ልጆች ፊደል ማስቆጠር ያዘች። ልጆቹን በሳላቸው፣ በሳቃቸው፣ ከኋላቸው በሚጮኸው ሬዲዮ ለየቻቸው። የስድስት ዓመት ልጅ በስልክ ሲማር ምን እንደሚያደርግም ቶሎ ገባት፤ አልጋ ላይ እየዘለለ "ሀ" ይልሻል። ስለዚህ ትምህርቱን ሁልጊዜ የምትጀምረው በጥያቄ ነበር።

"የኔ ሊቅ፣ ተቀመጥሽ?"

"ተቀመጥኩ ቲቸር" ትላለች የሰውየው ልጅ። በርጩማዋ ሲንቋቋ እስኪሰማ ድረስ መምህርቷ ፊደል አትጀምርም።

አባትየው አናጢ ነው። የሥራ ቦታው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልጅቷ ስታነብ መላጊያው ከኋላ እየተመላለሰ ይሰማል። ትምህርቱ ሲያልቅ መላጊያው ዝም ይላል። ያኔ እጁን ጠራርጎ ስልኩን ይቀበላል።

"ዛሬስ እንዴት ናት ሲስተር?"

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ቀጥሎ ልጅቷ ስለማትበላው ምሳ፣ ቀጥሎ ፀጉሯን ማበጠር ስላቃተው ስለ አባትየው። መምህርቷ ባለችበት ሆና ሹሩባ አስተማረችው። "ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ የቀኙን ወደ መሃል፤ አይ፣ የእርስዎን ቀኝ ሳይሆን የእሷን" ስትል ሰውየው "ኧረ ሲስተር፣ በር መግጠም ይሻላል" ብሎ ሳቀ። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ራሱ ነገራት። እናም ከዚያ ቀን ወዲያ የሆዱን ያወጣላት ጀመር።

አልጋው ላይ መተኛት እንዳቃተው፣ ልጅቷን ካስተኛ በኋላ ሰጋቱራው ላይ ጆንያ አንጥፎ እንደሚጋደም ነገራት። እግዚአብሔርን እንደተቀየመው፣ ጸሎት ሲጀምር ምላሱ እንደሚታሰርበት ነገራት። ዘመዶቹ በየሳምንቱ አንዲት ሴት እያመጡ "ይቺን አግባ" እንደሚሉት፣ እሱም የመጡትን እንግዶች በቀለም ሽታ እያሳበበ ከደጅ እንደሚመልሳቸው ነገራት። በዚህኛው ሁለቱም ሳቁ። አንድ ቀን ግን እንዲህ አላት፤

"ይኼን ሁሉ የማወራዎት መነኩሲት ስለሆኑ ነው። ለሴት እንዲህ አይወራም።"

መምህርቷ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዋ ስንፍና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፍርሃት ሆነ። እውነቱን ከተናገረች ድምፁን ታጣዋለች። ድምፁን ማጣት አልፈለገችም፤ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ማሳመሪያ የለውም። ወድዳው ነበር። ፊቱን ያላየችውን ሰው፣ በሌላ ሴት ስም እንኳ ሳይሆን ባልለበሰችው የመነኩሲት ልብስ ስም የሚጠራትን ሰው ወድዳ ቁጭ አለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና "ሲስተር" ሲላት "አቤት" ማለቷን ቀጠለች።

እናቷ ሞኝ አይደሉም። ከሁሉ ልጅ በኋላ የዚያችን ልጅ ስልክ ለመጨረሻ እንደምታስቀምጠው፣ ልትደውል ስትል ፀጉሯን እንደምትነካካ አይተዋል።

"አንቺ" አሉ አንድ ቀን፣ "የአንደኛ ክፍል ትምህርት ይህን ያህል ረዘመ እንዴ? በእኛ ጊዜ ሀ ሁ ለመጨረስ ማንም እንዲህ አይሽኮረመምም ነበር።"

"ልጅቷ ደካማ ናት እማዬ።"

"እሷማ ምን ሆነች፤ ደካማዋ ሌላ ናት" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት መሆኑ ተነገረ። ትልቋ ሲስተር አስተማሪዎቹን ሰብስበው ወንበር ሲያራርቁና መስኮት ሲያስከፍቱ ከረሙ። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ መምህርቷም ደስ አላት፤ እነዚያን ድምፆች በአካል ልታያቸው ቋምጣለች። ነገር ግን በመጨረሻው የስልክ ትምህርት አናጢው "እንግዲህ ነገ በአካል እንገናኛለን ሲስተር፤ እጅዎን ስሜ ካላመሰገንኩ አልሄድም" ሲላት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ያኔ እንኳ መናገር ትችል ነበር። "ደህና ይደሩ" አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ቁም ሣጥኗን ከፍታ ብዙ ቆመች። መጨረሻ ላይ አንድ ግራጫ ቀሚስና ጥቁር ሻሽ አወጣች። ቀሚሱን ለበሰች፤ ሻሹን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ አሰረችው። በዚያ ላይ የአፍ መሸፈኛውን አደረገች። ከሩቅ ላያት ሰው ሲስተር ሳትመስል አትቀርም።

እናቷ ከበሩ ሆነው አዩዋት።

"የማን ሐዘን ነው?"

"ብርድ ነው እማዬ።"

እናቷ ቀረብ ብለው ሻሹን ራሳቸው ፈቱና አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡት። "ፀጉርሽ ጥሩ ነው" አሉ፤ "ፀጉርሽን የጠላ ሰው ካለ ይለፈው።" መምህርቷ ማልቀስ አማራት፤ ግን ሰዓቱ ረፍዶ ነበርና ወጣች።

በበሩ ላይ ትልቋ ሲስተር ግራጫ ቀሚሳቸውንና ነጭ ሻሻቸውን አድርገው የልጆቹን እጅ ሳኒታይዘር ይቀባሉ። መምህርቷ ከጎናቸው ቆማ በሙቀት መለኪያው የእያንዳንዱን ልጅ ግንባር ትለካለች። ወላጅ ከበሩ ወደ ውስጥ አይገባም። መምህርቷ አንድ ውሳኔ ይዛ ነው የቆመችው፤ ሰውየው መጥቶ እስኪሄድ አንዲት ቃል አትናገርም። ፊቷ ተሸፍኗል፤ የሚያውቀው ድምጿን ብቻ ነው፤ ዝም ካለች ዛሬ አለፈች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ስለ ልጅቷ ብላ ትደውላለች፤ እሱም "ሲስተር" ይላታል፤ እንዲሁ እንዲሁ ይኖራሉ። የምትመኘው ይህን ብቻ ነበር።

"እንደምን አደሩ ሲስተር።"

የአናጢው ድምፅ እስከ አጥንቷ ድረስ ገባ። በሐሳቧ ረጅም አድርጋ ሠርታው ነበር፤ ሰውየው ግን አጭርና ደንዳና ነው፤ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ቀርቷል። ቅር አላላትም። ልጅቷ ከጎኑ ናት፤ ሹሩባዋ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኗል። አናጢው ግን ወደ መምህርቷ ዘወር እንኳ አላለም። በቀጥታ ወደ ትልቋ ሲስተር ሄዶ ጎንበስ አለ።

"እጅዎን ልስም ብዬ ነበር፤ በሽታው ከለከለን እንጂ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ልጄም አልቀን ነበር።"

ትልቋ ሲስተር ከጠዋት ጀምሮ ምስጋና ሲቀበሉ ነው የቆዩት፤ ይኼም የዚያው ቅጥያ መሰላቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ የእኛ ድርሻ ትንሽ ናት" አሉ በተሰነጠቀ የእርጅና ድምፃቸው።

ድምፃቸው አናጢውን እንደጎረበጠው ከዓይኑ ያስታውቃል፤ ግን በስልክና በአካል ይለያያል ብሎ መሰለኝ፣ ልጁን ወደፊት ገፋ አደረጋት። "በይ፣ ቲቸርሽን ሰላም በያቸው።"

ልጅቷ ትልቋ ሲስተርን ወደ ላይ አየች። "እሷ አይደለችም" አለች።

"ዝም በይ፣ ነውር ነው።"

"እሷ አይደለችም! የኔ ቲቸር እንዲህ አታወራም።" ከአባቷ እግር ኋላ ተሸሸገች። ግቢ ቢላት፣ ቢቆጣት፣ ቢለማመጣት አልሰማ አለች። ትልቋ ሲስተር እጇን ሊይዟት ሲሉ ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ቲቸር የለችም፤ እንሂድ፤ ቲቸርም ሞታለች" አለች።

ይህን ሲሰማ የሰውየው ትከሻ ወደቀ። መምህርቷ የሙቀት መለኪያውን ጨብጣ ቆማለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ልጅቷን ጎትተው ያስገቧታል፤ ቀኑም ያልፋል። ግን እናቷ የሞተችባት ልጅ አስተማሪዋንም እያለቀሰች ልትቀብር ነው። ለራሷ ያሰበችው ሁሉ ጥንቅር ይበል አለች።

"የኔ ሊቅ" አለች፣ "ተቀመጥሽ?"

ልጅቷ ለቅሶዋን አቋረጠች። ማን እንደተናገረ እንኳ ሳታይ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ተቀመጥኩ ቲቸር" አለች።

ትልቋ ሲስተር ሳቃቸው አመለጣቸው። መምህርቷ ከልጅቷ ፊት በርከክ አለች፤ መራራቅ የሚባለውን ረስታ እንባዋን ጠረገችላት። ቀና ስትል አናጢው ቁልቁል እያያት ነበር። ፀጉሯን አየ፤ ጆሮዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉትቻ አየ።

"ሲስተር?" አለ።

"አስተማሪዋ ነኝ። ሲስተር አይደለሁም።"

"ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

ፊቱ ቀላ። ሰጋቱራው ላይ መተኛቱን፣ የታሰረ ምላሱን፣ ያባረራቸውን ሴቶች፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያስታወሰ ይመስል ነበር። ዞሮ ሄደ።

ያን ቀን መምህርቷ አስተማረች። ልጆቹ አፋቸው ተሸፍኖ በተራራቁ ወንበሮች ተቀምጠው፣ ማን ማን እንደሆነ ሲጠፋት ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ አናገረቻቸው፤ በድምፃቸው ለየቻቸው፤ እነሱም እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ተንጫጩ። ጸሎት አደረጉ፤ ፊደል ቆጠሩ። ለወራት የናፈቀችው ክፍል ይኸው ሞልቷል። እሷ ግን በመስኮቱ ወደ በሩ ታያለች፤ ምን እንደምትጠብቅ ታውቃለች፤ እንደማይመጣም ታውቃለች። ልጅቷን ሊወስድ የሚመጣው አንዱ ዘመድ ይሆናል ብላ ቁርጧን አወቀች።

ልጆቹ ሁሉ ሄደው ካለቁ በኋላ ራሱ መጣ። መምህርቷ ልጅቷን እጇን ይዛ እስከ በሩ አደረሰቻት። ሰውየው ወደ መሬት እያየ ነው የሚናገረው።

"አንድ በር አበላሸሁ" አለ። "እያሰብኩ ስልግ ስልግ፣ በሩ ከመቃኑ ጠበበ። ባለቤቱ ምን እንደሚለኝ እንጃ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ልነግርዎት ነበረብኝ።"

"ነበረብዎት" አለ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የነገርኩዎትን አልመልሰውም። ለሴት አይወራም ያልኩትን ሁሉ ለሴት አውርቼ ተገኘሁ።"

"ለማንም አልተነፈስኩም።"

"እሱንማ አውቃለሁ።" አሁን ቀና አለ። "የተናደድኩት በእሱ አይደለም። ሳስበው ዋልኩ፤ እርስዎ የልጄን የጥርስ ቁጥር ሳይቀር ያውቃሉ። እኔ ስለ እርስዎ ምን አውቃለሁ? መነኩሲት አይጠየቅም ብዬ አንድ ነገር ጠይቄዎት አላውቅም። ማን አለዎት፣ ምን ያመዎታል፣ ከእኔ ጋር አውርተው ሲጨርሱ ወዴት ይሄዳሉ፣ ምኑንም አላውቅም።"

ልጅቷ የሁለቱንም እጅ ይዛ በመሃል ትወዛወዛለች።

"ከእንግዲህ ሲስተር ልልዎት አልችልም" አለ አናጢው። "ስምዎ ማን ነው?"

ነገረችው። ደንግጣ ስለነበር ክፍል ውስጥ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ የአባቷንም የአያቷንም ስም ጨምራ ነገረችው።

ሰውየው የአባቷንና የአያቷን ትቶ የእሷን ብቻ አንድ ጊዜ ደገመው፤ ቀስ ብሎ፣ በዚያ ከመላጊያው ዝምታ በኋላ በምትጠብቀው ድምፅ። ከዚያ የልጁን ቦርሳ ተቀብሎ አዘለ፤ "ደህና ይዋሉ" አለና ተያይዘው ሄዱ። ይደውል አይደውል አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። በሩን መዝጋት ነበረባት፤ ግን ምናልባት መንገዱ መሃል ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠራት እንደሆነ ብላ፣ እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች።