ቢላ የለንም

ሹፌሩ ድንኳን ገዝቶ የመጣ ቀን ሚስቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ዓመቱን ሙሉ በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ሲያድር የኖረ ሰው፣ እረፍት ሲያገኝ ደግሞ ሜዳ ላይ ልደር ይላል? እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ከቤቷ ወደ ሱቋ፣ ከሱቋ ወደ ቤቷ እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም። ጨለማ ትፈራለች፣ ውሃ ትፈራለች፣ የማታውቀው ሰው በር ሲያንኳኳም ትፈራለች። ባሏ ግን "አንዴ ብቻ ሞክሪው፣ ካልጣመሽ ሁለተኛ አላነሳብሽም" እያለ ነዘነዛት። ወሬውን የሰሙት እናቱ ደግሞ "እኔ ሳልኖር አውሬ ቢበላችሁ ማን ያለቅስላችኋል?" ብለው ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ከሁሉም ቀድመው የፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

ሐይቁ ዳር የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። በዙሪያው ሰው የሚባል አልነበረም፤ ሸምበቆውና ነፋሱ ብቻ። ሹፌሩ ከወገቡ አንድ ቢላ መዘዘና ሥራ ጀመረ። ገመድ ቆረጠ፣ ቅርንጫፍ አሹሎ የጎደለውን የድንኳን ካስማ ተካ፣ እርጥብ እንጨት ልጦ ደረቁን ውስጡን ለማቀጣጠያ ፈቀፈቀ። በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ ከፈተበት። እናቱ ተረከዛቸውን እሾህ ሲወጋቸውም የቢላውን ጫፍ በእሳት አግሎ፣ ገና ሳይቀርባቸው የሚጮኹትን እናቱን "ገና አልነካሁሽም እኮ!" እያለ፣ እሾሁን ነቀለላቸው።

"ሜዳ ላይ አንድ ቢላ ያለው ሰው ግማሽ ቤት አለው ማለት ነው" አለ እየተኩራራ።

"እንግዲያው ጣሪያ ያለበትን ግማሽ አምጣልን" አሉ እናቱ ተረከዛቸውን እያሹ።

ከምሳ በኋላ የውሃው ጄሪካን ሲታይ አፍስሶ ባዶውን ቀርቷል። ሹፌሩ ከተማ ደርሶ ሊመለስ መኪናውን አስነሳ። ልብስ ሰፊዋ እኔም ልምጣ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አማቷን በዚያ እግራቸው ብቻቸውን መተው አሳፈራትና ዋጠችው። ቢላውን ቲማቲም እንድትቆርጥበት ትቶላት ሄደ።

የመኪናው ድምፅ ሲጠፋ ዝምታው ጆሮዋን ደፈነው። ስልኳን አየች፤ ኔትወርክ የለም። አማቷ ድንኳኑ ውስጥ እግራቸውን ፍራሽ ላይ ሰቅለው ተጋድመዋል። እሷ ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦና ቲማቲም ትቆራርጣለች። ነፋሱ ሸምበቆውን ባንኮሻኮሸው ቁጥር ቀና ትላለች፣ ምንም የለም፣ ታቀረቅራለች።

ኋላ ግን የተሰማው ኮሽታ የነፋስ አልነበረም። የሚሮጥ ሰው ነው። ምን እንደምታደርግ ሳታስብ ቢላውን ምንጣፉ ስር ወሸቀችና ተቀመጠችበት።

ከሸምበቆው መሐል አንድ ወጣት ዱብ አለ። ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተተርትሯል፤ መዳፉ ይደማል። ዓይኖቹ ድንኳኑን፣ እሷን፣ የመኪና ጎማ ያረፈበትን ባዶ ቦታ በየተራ ቃኙ።

"ቢላ!" አለ። መንጋጋው ይንቀጠቀጣል። "ቢላ አላችሁ?"

"የለንም።"

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታዘው ነው።

"እ… እህቴ… ቢላ… ገ… ገመ…" ትንፋሹ ቆረጠው። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ እጁን ወደ ሐይቁ ዘረጋ። በዚያ በኩል ለእሷ የሚታያት ሸምበቆ ብቻ ነው።

"ማነው?" አሉ አማቷ ከውስጥ።

"ባሌ እዚሁ ነው!" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እንጨት ሊለቅም ሄዶ ነው፤ አሁን ይመጣል!"

ወጣቱ አልሰማትም። የሚያየው ፊቷ ያለውን ሣህን ነበር። ግማሹ የተከተፈ ቲማቲም ጭማቂው ገና ይወርዳል። ከሣህኑ ዓይኑን አንስቶ አያት። የዋሸችው ውሸት በሁለቱ መሐል እንደ ሦስተኛ ሰው ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ።

"እንዳትጠጋኝ!" ብላ ጮኸች።

ባለበት ቀጥ አለ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣ ከዚያ የቆሻሻ ከረጢቱ ላይ ተወርውሮ ቀደደው። የባቄላውን ቆርቆሮ አወጣ፣ ስለታሙን ክዳን ገነጠለና በመጣበት ሮጠ።

አማቷ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ከድንኳኑ ወጡ። "ምን ወሰደ?"

"ክዳን" አለች ሰፊዋ። "የባቄላውን ክዳን። እማማ፣ ቢላ ሲለኝ የለንም አልኩት። ሊገድለን ነው የመጣው።"

"ክዳን?" አሮጊቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ሰው ሊወጋ የመጣ ሰው ቢላ ሲያጣ ቆሻሻ ይበረብራል? እዚያ ጋ ድንጋይ ሞልቶለት? አንቺ፣ ይሄ ልጅ የሚቆርጠው ነገር አለው።"

ይህን ሲሉ ከሐይቁ በኩል ጩኸት መጣ። የወጣቱ ድምፅ አይደለም፤ የሸመገለ ሰው ነው። ጀመረና መሐል ላይ ተቋረጠ፣ አፉን ውሃ የሞላው ሰው እንደሚቋረጥበት።

"ሂጂ" አሉ አማቷ።

"እማማ፣ እፈራለሁ።"

"ፍሪ! ማን አትፍሪ አለሽ? እየፈራሽ ሂጂ። እኔ በዚህ ተረከዜ እስክደርስ ሰው ያልቃል።"

ቢላውን ከምንጣፉ ስር መዘዘችና ሸምበቆው ውስጥ ገባች። ሸምበቆው ከቁመቷ ይበልጣል፤ ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። "ማታለያ ቢሆንስ? ሁለት ሆነው ቢጠብቁኝስ?" ትላለች ለራሷ፤ እግሯ ግን አልቆመላትም። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ጥላው ሄደች።

ድንገት ሸምበቆው አለቀና ውሃው ፊቷ ተዘረጋ።

አንዲት ጀልባ ተገልብጣ በግማሽ ሰምጣለች። ከጎኗ የአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጭንቅላት ብቻ ይታያል፤ አገጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ይተነፍሳሉ። የመረቡ ገመድ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ከጀልባዋ ጋር አስሯቸዋል፤ ጀልባዋ ወደ ጥልቁ ባዘነበለች ቁጥር አብራ ትጎትታቸዋለች። ወጣቱ በአንድ እጁ አንገታቸውን ደግፎ፣ በሌላው ክዳኑን ይዞ ውሃ ስር ይገዘግዛል። በዙሪያው ያለው ውሃ ቀልቷል።

ቀና ሲል አያት። ቢላውንም አየ።

"ቶሎ!" አለ።

ዋና አታውቅም። ውሃው ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ ደረቷ ድረስ ሲመጣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "እናቴ፣ እናቴ" ትላለች። አጠገባቸው ደርሳ እጀታውን ዘረጋችለት። ወጣቱ ሊይዘው ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። ክዳኑ ቆራርጧቸዋል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ አደንዝዟቸዋል። ቢላው ከእጁ ሲንሸራተት ውሃ ውስጥ ሳይገባ ቀለበችው።

"አልችልም" አለ፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ተጨማደደ። "እህቴ፣ አንቺ ቁረጪው። አባቴን እኔ እይዛለሁ።"

ጎንበስ ስትል ውሃው አገጯን ነካት። ምንም አይታይም። በግራ እጇ ዳበሰች፤ የአዛውንቱን ጉልበት፣ ባቱን፣ ከዚያ እንደ ብረት የተወጠረውን ገመድ አገኘች። ጣቷን ከገመዱና ከሥጋው መሐል ልታስገባ ብትሞክር ቦታ የለም። ቢላውን አስጠግታ ገፋች። አዛውንቱ ጮኹ።

"እግርዎን ቆረጥኩት!"

"ቁረጪው!" አሉ ውሃ እየተፉ። "እግሬንም ቢሆን ቁረጪ! ብቻ እንዳትቆሚ፣ ልጄ!"

ጀልባዋ አንዴ ሲጢጥ አለችና ይበልጥ አዘነበለች። የአዛውንቱ አፍ ውሃ ስር ገባ፤ ከዚያ አፍንጫቸው። ወጣቱ "አባዬ! አባዬ!" ይላል። እሷም ሳትወድ ጭንቅላቷ ጠለቀ። ጆሮዋን ሙሉ የውሃ ጉርምርምታ ሞላው። እዚያ ስር፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ ሳታውቅ ገዘገዘች። አንዱ ክር ለቀቀ፤ ሌላው ለቀቀ። በመጨረሻ ገመዱ ጧ ብሎ ፊቷን ገረፋትና ጀልባዋ ያለ እሳቸው ሰጠመች።

ማን ማንን ጎትቶ እንደወጣ በኋላ አንዳቸውም አላስታወሱም። ጭቃው ላይ ሦስቱም በደረታቸው ተደፍተው ሲያስሉ፣ አማቷ በእንጨት ተደግፈው እያነከሱ ደረሱ። የሽማግሌውን ደም የሚንዠቀዠቀውን ባት ሲያዩ የራስ ሻሻቸውን ፈተው ጥብቅ አድርገው አሰሩት። "አይዞዎት ጌታዬ" አሉ፤ "ክፉ ሰው ቶሎ አይሞትም።" ሽማግሌው በዚያ ሁኔታቸው ሳቁ።

ሹፌሩ ተመልሶ ድንኳኑን ባዶ ሲያገኘው ስማቸውን እየጠራ በሸምበቆው ተከትሏቸው መጣ። ሁሉንም ጭኖ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነዳ። የአዛውንቱ ባት ላይ ያለው ቁስል አጥንት አልነካም፤ እግራቸው ይተርፋል ተባለ። ሹፌሩ ለተገኘው ሁሉ፣ ለነርሷም ለዘበኛውም፣ "ሚስቴ ናት ያወጣቻቸው! ዋና እንኳ አታውቅም!" እያለ ያወራል። እሷ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ባሏ ባለበሳት ጃኬት ተጠቅልላ መሬት መሬት ታያለች።

ወጣቱ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አሁን አንደበቱ ተፈቷል።

"ስመጣ ቢላው የት ነበር?" አላት በዝግታ።

መዋሸት ትችል ነበር። "ተቀምጬበት ነበር" አለች። "አንተን ፈርቼ።"

በሩ በኩል የአባቱ ማጉረምረም ይሰማል።

"ከጣቶቼ ሁለቱ እንደ ድሮው አይታጠፉም አሉኝ" አለ። "መጀመሪያ ብትሰጪኝ ኖሮ…" ተወው። ፋሻውን እያየ ቆየና፣ "እኔም እህት አለችኝ" አለ። "እንደዚያ ሆኖ የመጣ ሰው ቢላ ቢጠይቃት፣ አትስጪው ነው የምላት።"

ይቅርታ ልትለው ስትል ነርሷ ጠራችውና ሄደ።

አመሻሹ ላይ ድንኳኑን ነቅለው ወደ ቤት ተመለሱ። አማቷ የፊት ወንበራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትተው ከኋላ ከእሷ ጋር ተቀመጡ። ሰፊዋ መንቀጥቀጥ የጀመረችው መኪናው አስፋልት ከያዘ በኋላ ነው። ልታቆመው ብትሞክር አልቆም አላት።

"አሁን ነው የምትፈሪው?" አሉ አማቷ።

"ያኔም ፈርቼ ነበር፣ እማማ።"

"አውቃለሁ" አሉና ሁለቱንም እጇን ወደ ጭናቸው ስበው፣ ከተማ እስኪገቡ ድረስ ሳይለቁ ያዙላት።