አረንጓዴ ማለት ይሠራል ማለት ነው

“እማማ፣ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት” አለች ሰዓሊዋ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ስክሪን ሳትነቅል። “ሰፈራችሁ ኔትወርክ አለ። ይኸው እያየሁት ነው።”

“እኔኮ ኔትወርክ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ወርጄ ነው የምደውለው! የጎረቤቴ የልጅ ልጅ አሟት...”

“አጥፍተው ያብሩት፤ ይስተካከላል።” ስልኩን ዘጋችው።

ሰዓሊ የሚሏት የቢሮ ጓደኞቿ ናቸው። ሥራዋ ኔትወርኩን መሣል ነው፤ በቀለም ሳይሆን በኮምፒውተር። የትኛው ጣቢያ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ፣ ምን ዕቃ እንዳለው፣ ቢበላሽ ምን እንደሚደረግለት ሁሉ እሷ በሠራችው ሞዴል ውስጥ ተጽፏል። ኔትወርኩን የሚጠብቀው ሲስተም ደግሞ ከሞዴሉ ሌላ ነገር አያምንም። እሷ አለ ያለችው አለ፤ የለም ያለችው የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶች ለጉብኝት ይመጣሉ ስለተባለ፣ አለቃዋ ስክሪኑ ፊት እየተንጎራደደ “አንድም ቀይ የለም! እጅሽ ይባረክ” ሲላት ነበር የዋለው።

ከእንግዶቹ በፊት በሩን ከፍታ የገባችው ግን እናቷ ነበረች። ሕፃኗን አዝላለች።

ሰዓሊዋ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። “ምን ሆነች? ልጄ ምን ሆነች?”

“ቀስ በይ፣ ተኝታለች። አሁን ደህና ናት፤ ከክሊኒክ ነው የምንመጣው።” እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች። “አስሟ ተነሣባት። የሚነፋው መድኃኒት ደግሞ አልቋል። አንቺ ጋ ብሞክር፣ አምቡላንስ ብሞክር፣ ስልኩ ድዳ። ከንፈሯ ሲጠቁር ሳይ አዘልኳትና ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ፣ ያን ቁልቁለት!”

ሰዓሊዋ የልጇን ጀርባ ዳሰሰች። ደረቷ አሁንም ያፏጫል። አየር ያጠረው ልጅ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ያ ፉጨት ልጁ ከዳነ በኋላም ከጆሮ አይወጣም።

“ባለሱቋ፣ ያቺ ጎረቤቴ፣ ሮጣ ወርዳ መሥሪያ ቤታችሁ ደውላልኝ ነበር” አለች እናቷ። “አንዷ ‘አጥፍተው ያብሩት’ ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት አሉ። ለመሆኑ ያቺ ልጅ እናት የላትም?”

የሰዓሊዋ ፊት ጋለ። “እዚህ ስልክ የሚያነሣው ብዙ ሰው ነው፣ እማዬ” አለች። ይህን ማለቷ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ አንገቷን አስደፋት።

እናቷ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። “እኛ የቱ ነን?”

“ይኼ። የውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ጣቢያ።”

“አረንጓዴ ነው።”

“አረንጓዴ ማለት... ይሠራል ማለት ነው።”

“መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ስልኩም አብሮ ሞቷል። ታዲያ የማልሠራው እኔ ነኛ!”

ሰዓሊዋ የታንከሩን ጣቢያ ከሞዴሉ ከፈተችው። “ባትሪ፦ አለ” ይላል። ከጀርባዋ ቡትስ ጫማውን ሲያወልቅ ወደነበረው የመስክ ቴክኒሻን ዞረች፤ በቁመቱ የተነሣ አንቴናው ይሉታል።

“ታንከሩ ጋ ባትሪ አለ?”

“እኔ ምን አውቄ? ካንቺ ሞዴል ላይ አይደል እንዴ የምናየው!” አለ አንቴናው እየሳቀ።

እሱ ይሳቅ፤ እሷ አስታወሰች። አዲስ ጣቢያ ሲመጣ ከባዶ አትጀምርም፤ የተዘጋጀ ቅርጽ አላት፣ እሱን ትገለብጣለች። ቅርጹ ላይ ባትሪ አለ ተብሎ ቀድሞ ተሞልቷል፤ ቅርጹ ሲቀየር ደግሞ ሄዳ ያላስተካከለቻቸው ጣቢያዎች ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። ከዚያ ወጥቶ ማየትና ማስተካከል ነው ሥራው። ታንከሩ ጋ የሄደች ዕለት ግን ዝናብ ነበር፣ ጫማዋም አዲስ። ከመኪናው መስኮት የማማውን ጫፍ አየችና ጭቃውን አይታ ተመለሰች። “ባትሪ ያለው ጣቢያ መብራት ሲሄድ ኃይል ለመቆጠብ ዝም ቢል አታስጠንቅቅ” ብላ ሲስተሙን ያዘዘችውም ራሷ ናት። ጣቢያው ሞቶ ዝም ሲል፣ ሲስተሙ ‘እያረፈ ነው’ ብሎ ታገሠው። በዚያው ቅርጽ የገለበጠቻቸውን ሌሎቹንም ታውቃቸዋለች፤ መንገዳቸው የከፋ ሁሉ። በእነሱም ሥር አያቶችና ሕፃናት አሉ።

አለቃው ሮጥ ሮጥ እያለ መጣ። ነገሩን ስትነግረው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እናትሽን ይቅርታ። መብራት ለጠፋ ግን እኛ ምን እናድርግ? እንግዶቹ ይሂዱልኝና እናስተካክለዋለን። ደረጃው ላይ ናቸው እኮ!”

ሰዓሊዋ ቁጭ አለች። ቅርጹ ላይ “አለ” የሚለውን አጥፍታ “አልታየም” ብላ ጻፈች፤ ቀለሙንም ግራጫ አደረገችው። ከዚያ ‘አስቀምጥ’ የሚለውን ተጫነች።

ግማሹ ግድግዳ አመድ መሰለ።

“ምን አደረግሽ? ኔትወርኩ ወደቀ?” ጮኸ አለቃው።

“አልወደቀም። ያላየኋቸው ናቸው” አለች፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።

እናቷ ሕፃኗን አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር። ሰዓሊዋ አጠገቧ በርከክ አለች። “እማዬ፣ ያቺ አጥፍተው ያብሩት ያለችው ልጅ...”

እናትየው ግራጫውን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ ልጇን ከላይ እስከ ታች፣ እስከ ተረከዘ ቀጭኑ ጫማዋ ድረስ አየቻት። የልጅ ልጇን ግንባር በመዳፏ ለካች።

“ገብቶኛል” አለች። “በይ፣ የዚህን ረጅም ሰውዬ ቡትስ ተዋሽ። እዚያ ታንከሩ ጋ ጭቃ ነው።”

ሰዓሊዋ ጫማዋን አወለቀች።