ባለቤት የሌለው ቃል

መኪናው መሐል ሜዳን ለቆ ወደ ዘመሮ ካቀና ጀምሮ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይታየው በመስኮት ወደ ውጭ እንዳየ ነው። የበግ ዝርያ ማሻሻያውን ሥራ ለመገምገም የመጣችው ፈረንጅ፣ ዶክተር ካረን፣ ከፊት ተቀምጣ ስለ ገብሱ አንዳንድ ነገር ጠየቀችው። ባጭር ባጭሩ መለሰላት። ልቡ ሌላ ሥራ ይዟል፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ይመዝናል።

ሚስቴክ የማንም ነው፤ ተማሪም ሹምም ይለዋል። ኤረር ቀዝቃዛ ነው፤ መሣሪያም ይሠራዋል። ኦቨርሳይት፣ ሳያስተውሉ ማለፍ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ስሕተት ነው። ብለንደር የሚሉት ትልቅ ስሕተት ሰሚን ያስቃል፣ ባለቤቱን ያሳፍራል። ከሁሉ የሚፈራው ግን ኔግሊጀንስን፣ ቸልተኝነትን፣ ነበር። በእሱ የተከሰሰ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ቤቱ እንደሚሸኝ ኮሌጅ ሳለ ሰምቷል።

የሆነው እንዲህ ነው። የመንደሩ በግ አርቢዎች ማኅበር ከወጣት አውራ በጎች መካከል ምርጡን ለዘር ያስቀራል፤ ያልተመረጠው ይኮላሽና ለገና ይደልባል። ዘንድሮ የተመረጠው አውራ ከእትዬ ጌታነሽ ቤት ወጣ። ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው። አውራ የያዘ ቤት እንስት በጎቹን ቀድሞ ያስጠቃል፤ ጎረቤቱም የራሱን እየጎተተ ወደ ደጁ ይመጣል። ለእትዬ ጌታነሽ ይህ እንጀራም ክብርም ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይታየው ያልተመረጠውን ሊያኮላሽ ሄደ። እሳቸው ገበያ ወርደዋል። ጉሙ እጅን ያደነዝዛል። ካንድ እናት የተወለዱ ሁለት ጥቁር አውራዎች በረት ውስጥ ቆመዋል፤ አንዱ ጆሮው ላይ የተሰካው ቢጫ ቁጥር ወለል ብሎ ይታያል፤ ሌላው ከጆሮው እስከ ላቱ በእበት ተለውሷል። ይታየው ንጹሑ ምርጡ ነው ብሎ የተለወሰውን ሳብ አደረገና በማኮላሻው ብረት ቆነጠጠው። ቁጥሩን ጠርጎ ያነበበው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የምርጡ ቁጥር ነበር።

እበቱን የቀቡት እትዬ ጌታነሽ ናቸው። ምርጡ አውራ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለው ነው። ይታየውም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እናቱም የምታምር ጥጃ ስትወለድ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ባያውቅ ኖሮ ነገሩ ይቀለው ነበር።

መኪናው መንደሩ ደርሶ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆመ። የማኅበሩ ሰዎች የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ዱባለ ብድግ አሉ።

«ኧረ ሐኪማችን መጣ! እናንተ፣ የማይኮላሽ ካላችሁ ደብቁ!»

ሰዉ ሳቀ። ይታየውም ለይምሰል ሳቀ።

የዕለቱ ጉዳይ አንድ ነበር። ምትክ አውራ ተገኝቶ በመኪናው ተጭኖ መጥቷል፤ የትኛው ቤት ይያዘው? ደንቡ ያልተወላገደ ነው፤ በአያያዝ ጉድለት አውራ ያበላሸ ቤት ዳግም አውራ አይሰጠውም። ዶክተሯ በይታየው አስተርጓሚነት ምን እንደደረሰ ጠየቀች።

እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ምን ደረሰ ትለኛለች? ይኼው ያደረሰው ፊቷ ቆሟል። እኔ ገበያ ሄጄ፣ ይታየው ብለው ስም ያወጡለት ልጅ ሳያይ ቆነጠጠብኝ። ይኸው ነው። ንገራት።»

ይታየው ሊተረጉም አፉን ከፈተ። በመንገድ ከመዘናቸው ቃላት አንዱም አልወጣለትም። ያልመዘነው ቃል ቀደመው።

«አክሲደንት» አለ። አውራው አክሲደንት ደረሰበት፤ ባለቤቲቱ አልነበሩም።

ዶክተሯ ጻፈች። ባለቤቲቱ የት ነበሩ? ገበያ። አውራውን ማን ይጠብቅ ነበር? ማንም። እያንዳንዱ መልስ እውነት ነበር። ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀች፤ አዝናለች፤ ግን ምትኩ አውራ ሰው ለማይለየው ቤት ቢሰጥ እንደሚሻል ተናገረች። ከዚያም እንዲተረጉም ይታየውን አየችው።

ነገሩ ወዴት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባው። ጥፋቱን ለማንም አልሰጠሁም ብሎ ነበር፤ ጥፋት ግን ሜዳ ላይ አያድርም፤ ባለቤት ካጣ ቅርብ ወዳለው ደጅ ይገባል።

«አውራው… ሌላ ቤት ይሁን አለች» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ለምን?» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

ይታየው ወደ ዶክተሯ ማስታወሻ አየ።

«ምን ብለህ ነው የነገርካት?» አሉት ደግመው።

ጋሽ ዱባለ አገጫቸውን አከኩ። «አክሲደንት ሲል ሰምቻለሁ። አክሲደንት የመኪና አይደለም እንዴ? በጉን መኪና ገጨው ብለህ ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ በረቱ ድረስ ገብቶ!»

እትዬ ጌታነሽ አልሳቁም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የነገርኩህን አልነገርካትም። አንተ ያረድከኝ ሲያንስ፣ በማላውቀው ቋንቋ ደግሞ እኔው አጥፊ ሆንሁ?»

ይታየው ወደ ዶክተሯ ዞረ። እንግሊዝኛው ተሰባበረበት። ቆንጣጩ እኔ ነኝ አላት። ቁጥሩ እበት ነበረበት፣ ሳልጠርግ ቆነጠጥኩ፤ እሳቸው የትኛው እንደሚኮላሽ አስቀድመው በትክክል ነግረውኛል አላት።

ዶክተሯ ብዕሯን አነሣች። ሚስቴክ ነው? ኤረር ነው? ምን ብላ ትጻፍ?

ሁሉም አፉን ያያሉ። ምርቃት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ኔግሊጀንስ» አለ።

ዶክተሯ ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ ነገራት። ጻፈችና ብዙ ሳትናገር ሁለት ነገር አለች፤ ምትኩ አውራ ለእትዬ ጌታነሽ ይሰጣል፤ ይታየው ግን ጉዳዩ እስኪታይ የማኮላሻውን ብረት አይነካም። ይታየው ሁለቱንም ተረጎመ። የመጀመሪያውን ሲናገር ሰዉ አጉረመረመ፤ ሁለተኛውን ሲናገር ሁሉም ወደ ጋሽ ዱባለ ዞሩ።

«እሱማ መቼም ሰው አይስትም አይባል…» ብለው ጋሽ ዱባለ ጀመሩና ተዉት።

አውራው ከመኪናው ወረደ። እትዬ ጌታነሽ ቀንዱን ይዘው ተቀበሉ። ይታየው ሊያግዛቸው እጁን ቢዘረጋ ሳያዩት አለፉ። ጥቂት ከራቁ በኋላ ግን ቆሙ።

«አንተ! አንድ ነገር ንገራት። እበት የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ይኼንንም ትጻፍ።»

ተረጎመ።

«ደግሞ፣ ይኼ ልጅ ክፉ አይደለም በላት። ፈሪ ነው በላት።»

ይታየው ለፈሪ የሚሆኑ ለስላሳ ቃላት ያውቅ ነበር፤ ዓይነ አፋር የሚል አለ፣ ጥንቁቅ የሚል አለ። እትዬ ጌታነሽ ቀንዱን እንደያዙ ከንፈሩን ይከታተላሉ።

«ካወርድ» አለ፣ ያለ ማለሳለሻ። «ሺ ሴይስ አይ አም ኤ ካወርድ።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችው። ይህን ግን አልጻፈችም። የመኪናውን በር ከፍታ ገባች፤ ይታየው ግን ይግባ፣ ይቅር ሳያውቅ ነፋሱ ላይ ቆመ።