ጫቱ ሳይገባ

አሰፋሽ ሰዓት አስራ አታውቅም። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ልብስ እየሰፋች ስትኖር ሰዓቷ የጫት መኪናው ጡሩምባ ነው። ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ወንዱ ይሯሯጣል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል፤ ያኔ ለእሷም እኩለ ቀን ሆነ ማለት ነው። ስልኳ ላይ ያለውን ሰዓት «የፈረንጅ ወሬ» ትለዋለች።

የዚያን ዕለት ግን ነጅማ ልትሄድባት ነው። ሁለቱ በሙሽርነታቸው መጥተው፣ በአንድ ግድግዳ ተጠግተው ልጆች ያሳደጉ፣ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ድስቷን የምትከድን ጎረቤታሞች ናቸው። አሁን የነጅማ ልጅ ዘይድ፣ ድሬዳዋ እኔ ዘንድ ካልኖርሽ ብሎ ወጥሮ ይዟታል። ጓዟን ጠቅልላ ሰሞኑን የከረመችው የእህቷ ልጅ ዓቢዳ ቤት ነው። አውቶብሱ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ፣ ጫቱ ከገባ በኋላ ትንሽ አረፍ ብለው መናኸሪያው ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል።

አሰፋሽ ለነጅማ የምትሰጣትን የስንብት ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ጡሩምባውን ጠበቀች። ጠርዙ አለቀ፣ ጡሩምባ የለም። ዛሬስ ቀኑም አዘነልኝ አለችና፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያለች አንገትጌውን መጥለፍ ጀመረች። ያ ሁሉ ዓመት እፍ እንዳሉት አመድ በኖ ሲያበቃ፣ ይህቺ አንዲት ረፋድ አላልቅ ማለቷ ገረማት። ፀሐይዋ ማዘንበሏን አላጣችውም፤ በእሷ ቤት ግን ፀሐይ ትዋሽ እንደሆነ እንጂ የጫት መኪና አይዋሽም።

ጡሩምባው ሲሰማ ቀሚሱን አጣጥፋ ታክሲ ያዘች። መናኸሪያው ጭር ብሏል። ትኬት ቆራጩ አውቶብሱ ከሄደ እንደቆየ፣ የጫቱ መኪና ደግሞ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንዳረፈደ ነገራት። ቀሚሱን አቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሰሞኑን ሁሉ አንድ ቃል አፏ ላይ ነበር፤ እናትን ከልጇ መለየት ነውር መስሏት ዋጠችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ታክሲ መጥቶ ቆመ። ነጅማ ከነጓዟ ረጋ ብላ ወረደችና ባዶውን መናኸሪያ ቃኘች።

«ዓቢዳ ሰዓቱን አልነገረችሽም?» አለች አሰፋሽ ዓይኗን እየጠረገች።

«ነገረችኝ እንጂ። ጫቱ ሳይገባ የምን ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትዪኝ ብዬ ተቆጣኋት።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አሰፋሽ የዋጠችው ቃል አመለጣት።

«አትሂጂብኝ፣ ነጁ።»

ነጅማ ቀሚሱን ተቀብላ ጥልፉን ዳሰሰችው። «ነገ ጫቱ በሰዓቱ ከገባ እሄዳለሁ።»

«ካረፈደስ?»

«ካረፈደማ አላህ አልፈቀደም።»

ያን ምሽት አሰፋሽ የጫቱ መኪና ጎማ እንዲፈነዳ ለእመቤታችን ጧፍ ተሳለች። አጠገቧ ምንጣፍ ዘርግታ የምትሰግደው ነጅማም ዱዓዋ ከወትሮው ረዘም ብሎባት ነበር።