በኦቦ ጋሩማ ስም የተሞላው ደብተር

ዱረቲ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፣ ኋላ ማንም እንዳይቸኩልባት።

ሥራዋ ሰው ማታ ማታ ምን እንደሚያይ ማጣራት ነበር። ለተመረጡ ቤቶች ደብተር ትሰጣለች፤ ቤተሰቡ ለአንድ ሳምንት የትኛውን ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ምልክት ያደርጋል፤ አባወራው ይፈርማል፤ እሷ ትሰበስባለች። በዚያ ሰሞን ቢጫውና ሰማያዊው ጣቢያ ለያዥ ለገላጋይ አስቸግረው ነበር። ሰማያዊው ኮሜዲውን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሲያደርግ፣ ቢጫውም ሁለት ሰዓት ላይ የነበረውን የራሱን ወደ አንድ ሰዓት አምጥቶ ገጠመው። ማን እንዳሸነፈ የሚታወቀው በእነዚያ ደብተሮች ነው።

በማስረከቢያው ቀን የዲጋውም የነቀምቴውም የሲሬውም ተሰብስቦ አንድ ብቻ ጎደላት፤ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የሚኖሩት፣ አምስተኛ ክፍል ያስተማሯት የኦቦ ጋሩማ። ስልካቸው መነሳት ካቆመ ቀናት ሆኖታል። እሷ ያለችው ከነቀምቴ ርቃ፣ ቤቷ ባለበት በሲሬ ነው፤ ደብተሮቹን አዲስ አበባ የሚያደርሰው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ትርፍ ደብተር አወጣችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞላችው። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ ቢጫው። ሰውየው ድሮም ሳቅ ይወዳሉ፣ ምን ክፋት አለው አለች። ፈረመችላቸውም።

ከሁለት ወር በኋላ ቢጫው ጣቢያ አሸነፈ። ማሸነፉ አልበቃው ብሎ፣ አንድም ማታ ያላመለጠውን ቤት በካሜራ ላመስግን አለ። በርናባስ የሚባል ጋዜጠኛ ከነቡድኑ መጣ፤ ዱረቲ መንገድ እንድታሳይ ታዘዘች። አመመኝ ብላ ልትቀር አስባ ነበር፤ ለእንጀራዋ ፈራች። «ማን ያውቃል፣ አይተውት ይሆናል» እያለች ራሷን ስታባብል ደረሱ።

በሩን የከፈተችው የኦቦ ጋሩማ ልጅ ኬኔ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ግድግዳው ላይ የእናቷ የአዴ ድንቅነሽ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያረፉበት ቀን ተጽፏል። ዱረቲ ቀኑን አነበበች። ደብተሩን ሰጥታቸው በሄደች ማግስት ነው። ያ ሳምንት እዚህ ግቢ ድንኳን የተጣለበት፣ ቴሌቪዥኑ ጨርቅ የለበሰበት ሳምንት ነበር። እሷ ግን ደብተሩ ላይ በየማታው ስታስቃቸው ከረመች።

በርናባስ ደብተሩን ዘረጋ። «አባባ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ አንድም ቀን አላመለጠዎትም! ይኸው ፊርማዎ።»

ኦቦ ጋሩማ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊርማውን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ከዚያ ዱረቲን አዩ። ኬኔ በአባቷ ትከሻ ላይ አንብባ «አባ፣ ይሄ እኮ...» ስትል እጇን ያዝ አደረጓት።

«የእኔ ፊርማ ነው» አሉ።

ዕድሜ ልካቸውን ውሸታም ተማሪ አልወድም ሲሉ የኖሩ ሰው! ዱረቲ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ሥራዋን ይዛባት ትሄዳለች። ዋጠቻት።

«የቱ ጋ ነው በጣም የሳቁት?» በርናባስ ማይኩን አስጠጋ።

ኦቦ ጋሩማ ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡ። «ሁሉም... ጥሩ ነው» አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ እንባው ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

«ትዝ ሲላቸው እንኳ በሳቅ ያነባሉ!» በርናባስ ወደ ካሜራው ዞረ። «ቀርጸሃታል አይደል?»

ዱረቲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ድንኳኑ ሥር ከሳቸው ጋር የተቀመጠ ጎረቤት ሁሉ ይህን በቴሌቪዥን ያያል። ሚስቱን በቀበረበት ሳምንት ኮሜዲ ሲያይ ከረመ ይሏቸዋል። 

ቡድኑ ዕቃውን ሲጭን ኬኔ በር ላይ ያዘቻት። «ዱሬ፣ የደብተሩስ ይሁን። ለቅሶ እንኳ አልመጣሽም።»

«አልሰማሁም ነበር።»

«ስልክ እንዳላነሳን ግን አውቀሻል። ምን ነክቷቸው ነው አላልሽም።»

«ኬኔ!» አሉ ኦቦ ጋሩማ ከውስጥ። «ተያት። እንግዳ እንዲህ አይሸኝም።»

እንግዳ። ድሮ ባገኟት ቁጥር «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ነበር የሚሏት። ዱረቲ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም፤ አንገቷን ደፍታ መኪናው ውስጥ ገባች።

«ጎበዝ» አላት በርናባስ፣ ወንበሩን እያስተካከለላት። «ጥሩ ቤት ነው የመረጥሽልን።»

«አመሰግናለሁ» አለች።