የግራ እጅ ጉርሻ

አክስቴ ፅጌ ሳሎኗን ለሙጫ ካስረከበች ሁለት ዓመት አልፏታል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርትመንቷ ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ሶፋው ላይ ዶቃው በየቀለሙ ተለይቶ በእርጎ ዕቃ ተደርድሯል፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጣውላ፣ ብሩሽና መቀስ ተከምሯል። ፎቶና ዶቃ ጣውላ ላይ የመለጠፍ ሙያውን የጀመረችው በሰፈሯ ላይብረሪ ማክሰኞ ማክሰኞ በሚሰጥ ነፃ ትምህርት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪዋን ማረም ስለጀመረች ከዚያ ወዲህ ቤቷ ብቻዋን ነው የምትሠራው።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቢሮዬ ደወለችልኝ።

«ሳሌምዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጎሽ። እንግዲያው ፕሪንተሩ አጠገብሽ ነው።»

ፅጌን አንቺ ነው የምላት፤ አንቱ ያላትን ሰው እድሜዋን እንደነገረባት ትቆጥረዋለች። አባቴን ግን አንቱ ነው የምላቸው። ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ሲከፈል አባቴ ቦርድ ውስጥ ስለነበሩ ቀሩ፤ ፅጌ ከወጡት ጋር ወጣች። ለምን እንደወጣች ሲጠይቋት «አዲሱ ፓርኪንግ አለው» አለች። ለሃይማኖት ብላ ብትወጣ ኖሮ ይቅር የሚሏት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ እኛ ባለንበት በሲልቨር ስፕሪንግና እሷ ባለችበት በአሌክሳንድሪያ መካከል ፖስተኛዋ እኔ ነኝ። አባቴ «ለዚያች ሴትዮ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ ንገሪያት» ይላሉ። እሷ ደግሞ «ለቦርዱ ንገሪው፣ አላቋረጥኩም» ትላለች። በስታትስቲክስ የተመረቅሁት ለዚህ አልነበረም።

«ስድሳ ዓመቱን ልታከብሩለት ነው አሉ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ካልነገርሽኝ ሰው የለኝም መሰለሽ? ስጦታ እየሠራሁለት ነው። ይዤ እመጣለሁ። ከተቀበለኝ ተቀበለኝ፤ ካልተቀበለኝ ግን ሳሌም፣ በልጆቼ ነው የምልሽ፣ ሁለተኛ ያንን በር አልረግጥም።»

ልጆች የሏትም። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ክንድ የሚያህል ጣውላ ላይ የግድግዳ ልስን የመሰለ ነጭ ነገር ቀብታ፣ ሳይደርቅ በማበጠሪያ ቦይ ቦይ አውጥታበታለች። ጠርዙ ላይ የአሜሪካ ቴምብሮች ተለጥፈዋል። አባቴ ከእኛ ቀድመው መጥተው ብቻቸውን በኖሩባቸው ዘጠኝ ዓመታት አዲስ አበባ ለነበረችው እህታቸው ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ደብዳቤዎቹን ጥላ ቴምብሮቹን አስቀርታለች።

«ደብዳቤዎቹን ለምን ጣልሻቸው?»

«ምክር ብቻ ነው የነበረባቸው።»

መሀሉ ባዶ ነው። እዚያ የሚገባውን ፎቶ ከፖስታ አወጣችው። በ1975 ዓ.ም. የሰርጓ ዕለት የተነሳ ነው። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱ የዳሯት ወንድሟ ነበሩ። ፎቶው ላይ አባቴ ጎፈሬ አላቸው። ጎንበስ ብለው ጉርሻ እያጎረሷት ነው፤ እሷ አፏን ከፍታ ዓይኗን ጨፍናለች። ከወዲያ በኩል ፎቶው በመቀስ ተቆርጧል።

«ሙሽራውስ?»

«ጠረጴዛው ስር ይሆናል። ከዚያ ሰርግ የተረፈኝ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው።»

አሠራሩ ቀላል ነው። ፎቶው ኮፒ ይደረግና በፊቱ ተደፍቶ ማጣበቂያ በተቀባ ጣውላ ላይ ይለጠፋል። አድሮ ሲደርቅ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ በጣት ማሸት ነው፤ ወረቀቱ ተፈርፍሮ ይሄዳል፣ ቀለሙ ብቻ ጣውላው ላይ ይቀራል። የማጣበቂያው ጠርሙስ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ፊደል ያለበት ምስል ከሆነ አስቀድማችሁ በመስተዋት እንደሚታየው ገልብጣችሁ አትሙት፣ አለዚያ ተገልብጦ ይወጣል ይላል። ፎቶውን አገላብጬ አየሁት። ፊደል የለበትም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ቢሮ አተምኩት፣ ማታ ለጠፍኩላት፣ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጣቴ እስኪላጥ አሸሁት። አሪፍ ሆኖ ወጣ።

ፅጌ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችው። «ይህቺን ወገብ ተመልከቺልኝ!» አለች። ሌላ ምንም አላየችም። እኔም ትራፊኩን ሳስብ ምንም አላየሁም። ሌሊቱን ዙሪያውን ቀይና ነጭ ዶቃ ስትደረድርበት አደረች።

ድግሱ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ነበር። ወንድሜ ዕዝራ «ሰርፕራይዝ ነው» ብሎ ሃምሳ ሰው ጠራ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ምንም እንዳላወቁ ሆነው ሰነበቱ፤ ሐሙስ ዕለት ሱፋቸውን ራሳቸው ላውንደሪ ወሰዱ።

ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ፅጌ ገባች። ጣውላውን በነጠላ ጠቅልላ በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። ወደ አባቴ ቀጥ ብላ ሄዳ ዘረጋችላቸው። አባቴ ዙሪያቸውን አዩ። በሃምሳ ሰው ፊት ስጦታ መመለስ ከባድ ነው። ተቀበሏት፣ ፈቱት፣ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሲያዩት ቆዩ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ አባቴ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ግራኝ ነኝ?»

እኔ ያኔ ነው ያየሁት። ጣውላው ላይ አባቴ ጎንበስ ብለው፣ በሙሉ ክብር፣ ሙሽራ እህታቸውን በግራ እጃቸው እያጎረሱ ነው። ፊደል የለበትም ብዬ ነበር። እጅ እንዳለበት አላሰብኩም።

የአባቴ ጓደኛ አቶ ይገዙ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ውይ!» አሉ። ከዚያ ሁሉም ሊያይ ተነሳ። ዕዝራ «ሶ ዋት? እጅ እጅ ነው» አለ።

ፅጌ መነጽሯን አውርዳ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ነኝ» ለማለት ቀስ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አንድ ቃል ብትል፣ «የልጅህ ሥራ ነው» ብትል ትድን ነበር። አላለችም። አገጯን ቀና አደረገች።

«በግራህ ነው ያጎረስከኝ» አለች።

«ምን?»

«ያን ዕለት ጥድፊያ ላይ ነበርክ። በግራህ ነው።»

«በሰርግሽ ቀን! በሽማግሌ ፊት! በግራ!» አባቴ ጣውላውን ለአቶ ይገዙ አሳዩ። «ይኸው እዩ፣ ሰዓቴ በቀኝ እጄ ላይ ነው። እኔ ሰዓት በቀኝ አስሬ አውቃለሁ?»

«ሰዓቱ መች ያንተ ነበር? ተውሶ ነው።»

ሰው ሳቀ። አባቴ ቀሉ። «ከገላው ተውሼ ነው፤ ላንቺ ክብር ብዬ!»

«ገላው ደግሞ ምሳው ሳያልቅ መጥቶ ፈትቶ ወሰደብህ።»

«ምሳው አልቆ ነበር።»

«ክትፎው አልወጣም ነበር!»

እናቴ እንግዳወርቅ ሁለት ወንበር ከኋላቸው አስጠጋች። ሁለቱም ማን እንዳስጠጋው ሳያዩ ተቀመጡ። ገላው ሰዓቱን በስንት ሰዓት እንደወሰደ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ኬኩን ዕዝራ ቆረጠው።

ፅጌ ልትሄድ ስትነሳ አባቴ ጣውላውን መለሱላት።

«ይሄን ቤቴ አልሰቅልም» አሉ። «ይስተካከል።»

«የሚስተካከለው አሌክሳንድሪያ ነው። ዕቃዬ ሁሉ እዚያ ነው።»

«ሳሌም ታመጣልኛለች።»

«ሳሌም አታመጣም» አልኩ። «ሳሌም ሥራ አላት።»

አባቴ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «እኔ ከሌለሁ ደግሞ በእግሬ ሳጎርስሽ አስመስለሽ ነው የምትልኪልኝ» አሏትና ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። እሺም እምቢም አላሉም። ፅጌ ጣውላውን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች። መኪናዋ ጋ ስንደርስ «ተቀበለኝ ማለት ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬ ጋ ስደርስ አባቴ ከጎን ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል። ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል።

«የት ነው?» አልኳቸው።

«የአሌክሳንድሪያው ድልድይ ሳይጨናነቅ እንለፍ» አሉ።

ኮፒውን በትክክል ገልብጬ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ይመጡ እንደሆነ ብዬ። ፅጌ በሩን ስትከፍት ሰላም አላለቻቸውም፤ ሽርጥ ነው የሰጠቻቸው። አባቴ ሱፋቸውን አውልቀው ሽርጡን አሰሩ። የዶቃውን ዕቃዎች ከሶፋው ላይ አንድ በአንድ አንስተው መሬት አወረዱና ተቀመጡ። አዲሱን ምስል ከአሮጌው በላይ ደፍተው ለጠፉ፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት፣ የፅጌ የዶቃ አደራደር የቀለም ስሜት እንደሌለው አስረዱ። እሷ ስለ ቀለም ከቦርድ አባል ምክር እንደማትፈልግ ነገረቻቸው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ።

«ይደር።»

«እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ ራሴ ነኝ የማሸው።»

እኔ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ። ወርጄ መኪናውን አስነስቼ ጠበቅኋቸው። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ክላክስ አደረግሁ። ማንም አልወጣም። ደገምኩ። በሁለተኛው ፎቅ መስኮት ፅጌ ጭንቅላቷን አወጣች፤ አፏ ሙሉ ነው።

«ምሳ ላይ ነን! አትጩኺ፣ ጎረቤት አለብኝ!»